«ሦስት ተኩል ይጎትታል» የተባለ ፒክአፕ ስንት ኩንታል ያደርሳል?

በባቱና በመቂ ዙሪያ በመስኖ የሚመረተው ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አዳማና ወደ ሐዋሳ ገበያ የሚሄደው በአብዛኛው በአይሱዙ ነው። ሆኖም የራሱ ናፍጣ ፒክአፕ ያለው አምራች ወይም ነጋዴ በየምርት ወቅቱ የአይሱዙ ኪራይ ሲከፍል «ተሳቢ ባሠራለት ኖሮ ይህ ገንዘብ ኪሴ ይቀር ነበር» ብሎ ማሰቡ አይቀርም። ደላላውም ይህን ሐሳብ አሳምሮ ያውቀዋል። ፒክአፕ ሲያሻሽጥ ከሞተሩና ከጎማው ቀጥሎ የሚጠራው ቁጥር «ሦስት ተኩል ይጎትታል» የሚለው ነው።

ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ከቶዮታ ሃይሉክስ፣ ከአይሱዙ ዲማክስና ከፎርድ ሬንጀር አዳዲስ የናፍጣ ሞዴሎች መካከል ፋብሪካዎቹ በሚያወጡት ዝርዝር ላይ 3,500 ኪሎ ግራም የመጎተት አቅም የተጻፈላቸው አሉ። ችግሩ ገዢው ይህን ሲሰማ በልቡ «35 ኩንታል ሽንኩርት» ብሎ መተርጎሙ ነው። በዚህ ትርጉም ተማምኖ ተሳቢ ያሠራ ሰው ለአደጋ የሚያጋልጠው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ሾፌሩንም ጭምር ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። እንዲህ ባለ ጊዜ በእጅ ያለ ናፍጣ ፒክአፕ ካምቢዮውና ፍሪሲዮኑ እስኪቃጠል የሚሞከርበት ዕቃ አይደለም።

ቁጥሩ የሚናገረውና የማይናገረው

3,500 ኪሎ ግራም ማለት የተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ነው። የተሳቢው ብረት፣ ጎማው፣ ባሌስትራው፣ ሸራውና ገመዱ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይቆጠራል። ከዚህ ሌላ ፋብሪካው የሚያስቀምጠው ሁለተኛ ጣሪያ አለ። ይኸውም ፒክአፑና ተሳቢው ከነጭነታቸው፣ ከነሰዎቻቸውና ከነነዳጃቸው ተደምረው ሊኖራቸው የሚችለው ከፍተኛ ክብደት ነው። ይህ ቁጥር በደላላ አፍ አይጠራም። የሚገኘው በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ሲሆን በአንዳንድ መኪኖች ደግሞ በበሩ ጠርዝ ላይ በተለጠፈው የብረት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ይታያል።

በምሳሌ ማየቱ ይሻላል። አንድ የባቱ ሽንኩርት ነጋዴ ባለሁለት ጋቢና ፒክአፕ አለው እንበል። የመኪናው ባዶ ክብደት 2,050 ኪሎ፣ ከነጭነቱ የሚፈቀደው ጠቅላላ ክብደት 3,000 ኪሎ፣ የመጎተት አቅሙ 3,500 ኪሎ፣ የሁለቱ ድምር ጣሪያ ደግሞ 5,800 ኪሎ ነው። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ ቢሆኑም የዚህ መደብ መኪኖች ከነዚህ ብዙም አይርቁም።

ነጋዴው ቶሎ የሚደምረው 3,000ንና 3,500ን ነው። ድምሩ 6,500 ይሆናል፤ ከጣሪያው በ700 ኪሎ ይበልጣል። ስለዚህ ፒክአፑንም ተሳቢውንም እኩል ሞልቶ መንዳት አይፈቀድም። አንዱ ሲሞላ ሌላው መጉደል አለበት።

ትክክለኛው ስሌት የሚጀምረው ከ5,800 ነው። የመኪናው 2,050 ሲቀነስ 3,750 ይቀራል። ለሾፌርና ለረዳት ከነዕቃቸው 150 ኪሎ ሲያዝ 3,600 ይሆናል። ባለሁለት አክስል፣ ከብረት ተበይዶ የተሠራ ተሳቢ ባዶውን 900 ኪሎ ቢመዝን የሚተርፈው 2,700 ኪሎ ነው። 27 ኩንታል መሆኑ ነው። ይህም በተሳቢው ላይ የሚወጣው 26 ኩንታልና በፒክአፑ ጀርባ የሚጣለው 1 ኩንታል ተደምሮ ነው። «ሦስት ተኩል» የተባለው ቁጥር ገበያ ሲደርስ 27 ኩንታል ሆኖ ይወርዳል።

ከዚህም ሊያንስ ይችላል። ተሳቢ የሚያሠራ ሰው ለበያጁ መጀመሪያ የሚያዘው «ጠንካራ ይሁን» ብሎ ነው። ላሜራው ይወፍራል፣ ጎኑ በቱቦላሬ ይደገፋል፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተፈታ አክስል ይገጠምለታል። ተሳቢው ባዶውን 1,300 ኪሎ ከመዘነ ትርፍ የሚያመጣው ጭነት ወደ 23 ኩንታል ይወርዳል። በየጉዞው 4 ኩንታል ብረት ያለ ኪራይ ይመላለሳል ማለት ነው።

ፍሬን የሌለው ተሳቢ

እስካሁን የተሠራው ስሌት በሙሉ ተሳቢው የራሱ ፍሬን እንዳለው ተቆጥሮ ነው። 3,500 ኪሎ የሚለው ቁጥር የሚሰጠው ለባለፍሬን ተሳቢ ብቻ ነው። ፍሬን ለሌለው ተሳቢ እነዚሁ ፋብሪካዎች በአብዛኛው የሚጽፉት ቁጥር 750 ኪሎ ነው፤ እሱም ብረቱን ጨምሮ። 300 ኪሎ የሚመዝን ቀላል ባለአንድ አክስል ተሳቢ ከሆነ የሚፈቀደው ጭነት 4 ኩንታል ተኩል ነው። 900 ኪሎ የሚመዝነው ባለሁለት አክስል ተሳቢ ደግሞ ፍሬን ከሌለው ባዶውን እንኳ መጎተት የለበትም።

ምክንያቱን ለመረዳት ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የፒክአፑ ፍሬን የተሠራው 3,000 ኪሎ ለማቆም ነው። በደረቅ አስፋልት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና ፍሬኑ ከተረገጠ በኋላ በ36 ሜትር ገደማ ይቆማል ብንል፣ በዚያው ፍሬን 5,700 ኪሎ ለማቆም 68 ሜትር ያህል ያስፈልጋል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ የሚታለፈው ርቀት በዚህ ውስጥ አልተቆጠረም። በባቱ መግቢያ ባጃጅ፣ የአህያ ጋሪና ከብት በሚያቋርጡበት መንገድ ላይ 32 ሜትር ቀላል ልዩነት አይደለም።

ለዚህ መደብ ተሳቢ በብዛት የሚገጠመው በግፊት የሚሠራ ፍሬን ነው። ፒክአፑ ፍጥነቱን ሲቀንስ ተሳቢው ከኋላ ይገፋዋል፤ ግፊቱ በመያዣው ላይ ያለውን ዘንግ ወደ ኋላ ሲገፋው የተሳቢው ፍሬን ይይዛል። ከፒክአፑ በሽቦ የሚታዘዝ የኤሌክትሪክ ፍሬንም አለ። ሁለቱም በአገር ውስጥ ጋራዥ ሊገጠሙ ይችላሉ፤ ዋጋቸው ግን ከብየዳው ዋጋ ጋር ሲተያይ ያስደነግጣል። ተሳቢ የሚያሠራ ሰው «ፍሬኑ በኋላ ይገጠማል» የሚለው እዚህ ላይ ነው። በኋላ ሲገጠም ግን እምብዛም አይታይም።

አቀበቱና ቀጭኑ አየር

የመጎተት አቅም ቁጥር የሚወጣበት ቦታም መታወቅ አለበት። በአሜሪካ እስከ ቅርብ ዓመታት ድረስ እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መለኪያ ይመዝን ነበር። የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ጄ2807 የተባለውን የጋራ መለኪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ቀድሞ የተቀበለውም ቶዮታ ነው። የመለኪያው ዋና ፈተና በአሪዞና ዴቪስ ዳም አጠገብ የሚገኝ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም አቀበት ነው። መኪናው ተሳቢውን እየጎተተ፣ በ38 ዲግሪ ሙቀት፣ ማቀዝቀዣው ተከፍቶ ከ64 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳይወርድ መውጣት ይጠበቅበታል። ባለጥንድ የኋላ ጎማ ከሆነ ትንሽ ይቀነስለታል። በአውሮፓ ደግሞ መኪናው ሙሉ ተሳቢ ይዞ 12 በመቶ ተዳፋት ባለው አቀበት ላይ በ5 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ ቆሞ መነሣት አለበት።

ከባድ ፈተናዎች ናቸው። ነገር ግን የዚያ የአሪዞና አቀበት ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር አይሞላም። ባቱ 1,640 ሜትር ላይ ያለች ከተማ ናት። አሜሪካዊው ፒክአፕ ተራራ ወጣ ተብሎ የሚመሰገንበት ቦታ ከባቱ ሜዳ በ500 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። ከባቱ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ፣ ከአዳማ ወደ አሰላ የሚወጣ ከ2,400 ሜትር በላይ ይደርሳል።

ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ጉልበቱን ያጣል። እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ያለው የቀድሞው ሃይሉክስ ባለ3 ሊትር 5ኤል ሞተር ቱርቦ የለውም። በባሕር ወለል ላይ ጉልበቱ 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። 2,000 ሜትር ላይ 80 ይቀረዋል፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ የሚበሉት ተቀንሶ ጎማው ላይ የሚደርሰው 68 ያህል ነው። በሌላ በኩል 5,700 ኪሎውን በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር በሚነሣ አቀበት ላይ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመጎተት ጎማው ላይ 100 የፈረስ ጉልበት ገደማ ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህ መኪና አቀበቱን የሚወጣው በ40 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ነው። የላንድክሩዘር ፒክአፕ ባለ4.2 ሊትር 1ኤችዜድ ሞተር 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ስላለው ከ50 ትንሽ ያለፈ ፍጥነት ይኖረዋል። ይህ ሞተር በጽናቱ የተመሰገነ ቢሆንም እሱም ቱርቦ የለውም።

ቱርቦ ያላቸው አዳዲሶቹ ሞተሮች በከፍታ ላይ የሚያጡት ጉልበት ያነሰ ነው። ቱርቦው ቀጭኑን አየር እየጨመቀ ስለሚያስገባ ሾፌሩ ልዩነቱን ላያውቀው ይችላል። ሞተሩ ግን ያውቀዋል። ቱርቦው ይበልጥ በፈጠነ ቁጥር ሙቀቱ ይጨምራል፤ ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው አየርም ያው ቀጭኑ አየር ነው። በሚያዝያ ቀትር ከስምጥ ሸለቆው ሙቀት ሙሉ ተሳቢ ይዞ የሚወጣ ሾፌር ዓይኑን ከሙቀት መለኪያው ላይ ማንሣት የለበትም። ፋብሪካዎች ራሳቸው ከፍታ ላይ ለሚጎትት ሰው በየ1,000 ጫማ፣ ማለትም በየ300 ሜትሩ ገደማ፣ ከድምሩ ክብደት በመቶኛ እንዲቀንስ በመመሪያ መጽሐፎቻቸው ሲመክሩ ይታያል። የመኪናው መጽሐፍ የሚለው ካለ እሱን መከተል ነው። ከሌለ ባቱና አዲስ አበባ መካከል የሚመላለስ ሰው ከ27ቱ ኩንታል ሁለት ሦስቱን ቢተው ፍሪሲዮኑን ይቆጥባል።

ቁልቁለቱ የባሰ ነው። ከአሰላ ወደ አዳማ ጤፍ ወይም ድንች ይዞ የሚወርድ ሾፌር ፍሬኑን ያለማቋረጥ ከያዘ ሸራው ይግላል፣ ከጋለ በኋላም አይዝም። ሲወጣ በገባው ማርሽ መውረድ የድሮ የከባድ መኪና ሾፌሮች ትምህርት ነው። ለፒክአፕና ለተሳቢውም ይሠራል።

ጭነቱ የት ላይ እንደሚያርፍ

ተሳቢው በመያዣው ኳስ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት። 3,500 ኪሎ ከሆነ 350 ኪሎ ማለት ነው። ይህ ክብደት በፒክአፑ የኋላ ጎማዎች ላይ ስለሚያርፍ ከፒክአፑ የመጫን አቅም ላይ ይቀነሳል። በምሳሌው ፒክአፕ ላይ 950 ኪሎ የነበረው አቅም ወደ 600 ይወርዳል። ጋቢናው ውስጥ አራት ሰው ሲገባ ከ300 ኪሎ ትንሽ የበለጠ ብቻ ይተርፋል። የፒክአፑ ኋላ ተቀምጦ አፍንጫው ወደ ሰማይ ሲያይ፣ የማታ መብራቱም የዛፍ ጫፍ ሲያበራ የታየ እንደሆነ ይህ ቁጥር ተጥሷል። የፊት ጎማ ሲቀል መሪውም የፊት ፍሬኑም ይደክማሉ።

ከ10 በመቶ ማነሱ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። ጭነቱ ወደ ተሳቢው ጀርባ ካመዘነ ተሳቢው በፍጥነት ላይ እንደ ጅራት መወዛወዝ ይጀምራል። ከሞጆ ወደ ባቱ የተዘረጋው የፍጥነት መንገድ ለስላሳና ሜዳማ በመሆኑ ሾፌሩን 90ና 100 እንዲነዳ ይጋብዘዋል። ከጎን የሚያልፍ ሲኖትራክ የሚገፋው አየር ወይም ድንገተኛ ንፋስ ተሳቢውን አንዴ ካወዛወዘው ማወዛወዙ ፒክአፑንም ይዞት ይዞራል። በዚህ ጊዜ ፍሬን መርገጥም ሆነ መሪ ማጠማዘዝ ያብሳል። እግርን ከነዳጅ ላይ አንሥቶ መሪውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ነው። ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከአክስሉ ፊት እንዲሆን አድርጎ መጫን ይህን አስቀድሞ ያስቀረዋል።

ውኃ የሚያመላልሱ ሰዎች በተለይ ይህን ልብ ሊሉት ይገባል። የ2,000 ሊትር ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኩንታል ይመዝናል። ግማሽ ሲሆን ክብደቱ ይቀንሳል፤ ነገር ግን ውኃው ወዲያ ወዲህ ስለሚላጋ ለአነዳድ ከሙሉው ያስቸግራል።

ከአይሱዙ ጋር ሲተያይ

ወደ ገንዘቡ ስንመለስ፣ ከባቱ አዲስ አበባ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 108 ኩንታል ሽንኩርት ለማድረስ 27 ኩንታል የሚይዘው ፒክአፕና ተሳቢ 4 ጊዜ ይመላለሳል፤ ደርሶ መልሱ 1,280 ኪሎ ሜትር ይሆናል። 36 ኩንታል የሚጭን አይሱዙ ኤንፒአር በ3 ጉዞ፣ በ960 ኪሎ ሜትር ይጨርሰዋል። ያውም ለዚሁ ሥራ በተሠራ ሻንሲ፣ ፍሬንና ባሌስትራ ነው። ስለዚህ ዘወትር ረጅም መንገድ ለሚጭን ሰው ተሳቢ የአይሱዙ ምትክ አይሆንም። 40 ኩንታል ጭኖ አይሱዙውን ልተካ ያለ ሰው ሂሳቡን የሚከፍለው በካምቢዮ፣ በኩሽኔታና በጎማ ነው። ቲማቲም ይዞ መንገድ ላይ ከቆመ ደግሞ በጭነቱ ጭምር ይከፍላል።

ተሳቢ የሚያዋጣው ሌላ ቦታ ነው። ተሳቢው ተፈትቶ ማሳ ዳር ይቀራል፤ ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ እየለቀሙ ሲጭኑበት ፒክአፑ ማዳበሪያ ያመጣል፣ ባንክ ይሄዳል፣ ፓምፕ ያስጠግናል። ማታ ተመልሶ የተሞላውን ተሳቢ ባቱ ከተማ ለቆመው አይሱዙ ያደርሳል። ርቀቱ አጭር፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ፣ መንገዱ ሜዳ ነው። አንድ አይሱዙ በማሳው ላይ ቆሞ ሲጠብቅ የሚከፈለው የውሎ ገንዘብ ይቀራል። የተሳቢው ትርፍ በኩንታል ብዛት ሳይሆን በዚህ በሚቀረው የቁም ጊዜ ቢሰላ ይሻላል።

ስለ አሜሪካዎቹ ግዙፎች

በቪዲዮና በማስታወቂያ የሚታዩት የአሜሪካ ከባድ ፒክአፖች የተለየ መደብ ናቸው። ፎርድ ለ2023 ሞዴሉ ኤፍ-450 ያስነገረው የመጎተት አቅም 40,000 ፓውንድ ነው፤ 181 ኩንታል ገደማ። ራም 3500 ደግሞ በባለ6.7 ሊትሩ ከሚንስ ሞተር ከ160 ኩንታል በላይ ያስነግራል። ሆኖም እነዚህ ቁጥሮች የሚገኙት ተሳቢው ከኋላ መከላከያ ሥር ሳይሆን በፒክአፑ ጀርባ ውስጥ፣ ከኋላ አክስል በላይ በሚተከል መያዣ ሲያዝ ነው። መያዣው ከኋላ ከሆነ ቁጥሩ በብዙ ይቀንሳል። አዳዲሶቹ ሞተሮቻቸው ደግሞ ሰልፈሩ እጅግ የተቀነሰ ናፍጣና የዩሪያ ፈሳሽ ይፈልጋሉ። ከነዚህ አንዱ ለሽያጭ ቀረበልኝ የሚል ገዢ፣ ስለ ጉልበቱ ከመጠየቁ በፊት ፈሳሹን፣ ነዳጁንና መለዋወጫውን ከየት እንደሚያገኝ ይጠይቅ።

ከመፈራረሙ በፊት

የሊብሬው ቁጥርና በበሩ ላይ ያለው ሰሌዳ መጀመሪያ ይነበባሉ። ቀጥሎ ፒክአፑን ባዶውን፣ ተሳቢውንም ባዶውን የመኪና ሚዛን ላይ ማውጣት ነው። በያጁ «ስድስት መቶ ኪሎ ቢሆን ነው» ያለው ተሳቢ ሚዛን ላይ ሲወጣ ዘጠኝ መቶ ሊሆን ይችላል፤ ልዩነቱም በየጉዞው 3 ኩንታል ነው። የመያዣውን ክብደት ለማወቅ ትልቅ ሚዛን አያስፈልግም። የተጫነውን ተሳቢ ከፒክአፑ ፈትቶ፣ ጎማውን በድንጋይ ደግፎ፣ አፍንጫውን ጠንካራ የእህል ሚዛን ላይ ማሳረፍ ይበቃል።

ፒክአፑ ቀድሞም ይጎትት የነበረ ከሆነ ሥሩ መታየት አለበት። መያዣው በተበየደበት ወይም በብሎን በታሰረበት የሻንሲ ክፍል ላይ ስንጥቅ፣ አዲስ ቀለም ወይም ድጋሚ ብየዳ ካለ ዋጋው ላይ መደራደሪያ ብቻ ሳይሆን ለመተውም ምክንያት ነው። ፍሪሲዮኑ የሚሞከረው በአቀበት ላይ በከፍተኛ ማርሽ ነው፤ ሞተሩ እየጮኸ መኪናው ካልፈጠነ አልቋል ማለት ነው። በተሳቢው በኩል የመብራት መስመሩ፣ ከመያዣው በተጨማሪ የሚታሰሩት ሁለት ሰንሰለቶችና የጎማዎቹ የመሸከም ቁጥር ይታያሉ። ከአውቶሞቢል የተፈታ ጎማ የገጠመ ተሳቢ ርካሽ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሻጩ የተሳቢውን ሰሌዳና ሊብሬ ለይቶ ማቅረብ ካልቻለ ግዢው የብረት ግዢ እንጂ የተሽከርካሪ ግዢ አይሆንም። የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ ምድብ ተሳቢ መጎተት ይፈቅድ እንደሆነ ከመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት፣ የመድን ውሉ ተሳቢውን ይሸፍን እንደሆነ ደግሞ ከመድን ድርጅቱ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከተፈቀደው በላይ ጭኖ የተጋጨ መኪና የካሣ ጥያቄው ላይ ክርክር ማስነሣቱ አይቀርም፤ በዚያን ጊዜ የሚቀርበው ማስረጃ በሩ ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ እንጂ የደላላው ቃል አይደለም።